የጋሽ ወልዱ ሦስት ቃላት

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ አንዲት የውጭ አገር ሴት ሆቴል ደጃፍ ላይ ቆማ ጓደኛዋን «ሊስታ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ጓደኛዋ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ቆም አልኩ። ያን ቃል ከሰማሁት ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ያስተማሩኝ ሰው ትዝ ሲሉኝም አብሮ የሚመጣብኝ የካርቦን ወረቀት ሽታ ነው።

ጋሽ ወልዱ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ከእህታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው በአንድ ጣሊያናዊ የብረታ ብረት ሱቅ ባንኮኒ ላይ ቆመው ጣሊያንኛ ለምደዋል። በደርግ ጊዜ የኩባ ሐኪሞች ሲመጡ «ያው ነው፣ አብሮ አደግ ቋንቋዎች ናቸው» ብለው አስተርጓሚነት ገቡ። የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ በሽተኛው ዝግጁ መሆኑን ቢጠይቃቸው፣ ዝግጁ ነው ለማለት በጣሊያንኛው «ፕሮንቶ» አሉት። ይህ ግን በኩባዎቹ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ፣ «በቅርቡ» ማለት ነውና ሐኪሙ ጓንቱን እንዳጠለቀ ቆሞ ጠበቀ፤ እሳቸውም ቆመው ጠበቁ። ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። በዚያ ዘመን በራሱ ላይ እንደዚያ የሚስቅ ትልቅ ሰው አላየሁም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ኦጋዴን ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠም ቆይቷል። ካኪ የለበሰ ሰው በበራችን ባለፈ ቁጥር እማዬ የያዘችውን ጥላ ትወጣ ነበር። የዘማች ልጆች ኩባ ሄደው ይማራሉ ተባለና የእኔም ስም ወጣ። አንድ ኩባዊ መምህር መጥቶ ልጆቹን ስለሚያነጋግር፣ ጋሽ ወልዱ ከትምህርት ቤት መልስ ያስጠኑኝ ጀመር። ጣታቸው በካርቦን እንደጠቆረ፣ ለትርጉም ሥራ ቤታቸው ካስቀመጡት ጽሕፈት መኪና አጠገብ፣ ያገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ቃላት ጻፉልኝ።

«እኛ ሁሉንም ዝግጁ ብለን እንገላገላለን» አሉ። «እነሱ ግን ለይተው ነው የሚያዩት። ሊስታ ሻንጣዋን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ የቆመች ናት። ፕሬፓራዳ የሚገጥማትን አውቃ የተሰናዳች ናት። ዲስፑዌስታ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳት ልቧ የፈቀደ።»

«ጋሼ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«ከጠየቁሽ ሊስታ በያቸው። ሁለቱን ተያቸው። እነዚያን ቃላት የሚላቸው የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ምኑን የሚያውቅ?»

«በይ ሂጂ አሁን፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

እኔ የማላውቀው ነገር እዚያው ጽሕፈት መኪናው ላይ ነበር። ኋላ ከእህታቸው እንደሰማሁት፣ ወደ ስፓኒሽ የሚመልሱት የስም ዝርዝር አናቱ ላይ «በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮች ልጆች» ይላል። ልቅሶ ጉዞውን እንዳያበላሽ፣ ልጆቹ እስኪሳፈሩ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ ሥራውን የሰጧቸው ባለሥልጣናት አስጠንቅቀዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከእናቴ ጋር በአንድ በር ይወጣሉ፣ በአንድ በር ይገባሉ። እንዴት ቻሉት እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

መምህሩ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ወልዱ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችና የግቢው ሴቶች አሉ። በእኛ ደንብ መርዶ በዚያ ሰዓት፣ እንዲህ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እማዬ ማንም ሳይናገር ገባት። በሩን መልሳ ልትዘጋው ስትል ጋሽ ወልዱ በእጃቸው ያዙት።

«ጥሩነሽ፣ አባተ አርፏል። እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ።»

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ለምን አልቀረበችም ብለው ከቀበሌ መጡ። እማዬ ፊቷ ተቧጥሮ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «ባሌን ሰጥቻለሁ፤ እሷን አልሰጥም» አለች። ማን እንደነገራት ቢጠይቋት ስም አልጠራችም። ሽማግሌዎቹም አልጠሩም። ግን ከሰፈሩ ሰው ዝርዝሩን ያየ አንድ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው መጡባቸው። ጋሽ ወልዱ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ብርድ ልብስ፣ ፎጣና ሳሙና በገመድ ታስሮ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ ለካ መርዶውን ካረዱበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። የሚጠብቃቸውን ያውቃሉ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ሦስቱን ቃላት በአንድ ሰው ላይ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እኔን ሲያዩ ሊያስቁኝ ፈለጉ፣ ከንፈራቸው እምቢ አላቸው።

እማዬ የአባቴን አርባ አወጣች፣ ዓመት በጥቁር ከርማም አወለቀች። ኋላ እኔን ስትድር ዘፍናለች፣ እስክስታም ወርዳለች። አልቅሳ የጨረሰች ሴት ነበረች፤ ይህን የተዉልን ጋሽ ወልዱ ናቸው።

ስለ እሳቸው ግን በር ያንኳኳ ሰው አልመጣም። እትዬ ለተብርሃን ስንቅ ይዘው ከእስር ቤት እስር ቤት ዞሩ፤ «እዚህ የለም» ከማለት በቀር መልስ የሰጣቸው የለም። ደርግ ወድቆ እስር ቤቶቹ ሲከፈቱም ሄደው ደጁ ላይ ቆመዋል። ጎረቤት «ኧረ እርምዎን ያውጡ» ሲላቸው፣ «ማን አረዳኝና?» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ጥቁር ሳይለብሱ ሞቱ።