ዘኪያ ለማንም ያልሰጠችው ስም

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ስም የሚፈለግለት ሕፃን ካለ ወደ ዘኪያ ይምጣ! ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ዘኪያ የሕፃናት ልብስ ነጋዴ ናት። ከገበያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቆምባት ሱቅ አለቻት። ብርድ ልብስ፣ የሹራብ ኮፍያ፣ ጡጦ፣ ማዘያ ትሸጣለች። እናቶች ግን ያን ሁሉ ሱቅ አልፈው እሷ ዘንድ የሚመጡት ብርድ ልብሷ ከሌላው ስለሚሞቅ አይደለም። ስም ስለምታወጣ ነው!

ሥራዋን ላየ ሰው ደግሞ ትያትር ነው። ሳታቅፍ ስም አትናገርም። አንድ አባት ከዌስትላንድስ ቢሮው ወጥቶ፣ ከረባቱን እንዳሰረ መጥቶ "ፎቶውን በስልክ ላሳይዎት" ቢላት፣ "እኔ ለፎቶ ስም አላወጣም፣ ልጁን አምጣው" ብላ መልሳዋለች። ልጁን ትቀበልና ትመዝነዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ታወራዋለች። ከዚያ ስሙን ከነታሪኩ ታወርደዋለች። አንዱ እቅፏ ውስጥ ገና ሲገባ ፈገግ ቢልላት "ይሄማ ኢስሀቅ ነው፣ ሳቅ ማለት ነው" አለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ "የኛው ይስሐቅ!" ብዬ ጮኽኩ። "የሁላችንም ነው፣ አትሻሚ" አለችኝ።

እኔ የሺወርቅ እባላለሁ። ከዘኪያ ቤት በላይ ባለው ፎቅ የምኖር፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምዘምር ጴንጤ ነኝ። ስለ ዐረብኛ ስም የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። አንድ ስም ግን ነበራት፣ ለማንም የማትሰጠው። ሱሀይብ።

"ለወንድሜ ልጅ ሱሀይብ ብንለውስ?" ብላ የጠየቀቻት ደንበኛ ነበረች።

"እሱ ተይዟል።"

"ስም ደግሞ ይያዛል እንዴ? በማን?"

"ገና ባልመጣ ሰው። ይልቅ ሱለይማን በይው፣ ያምርበታል።"

ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች። እኔ ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም፣ ሱቅ እስክትዘጋ ጠብቄ አፋጠጥኳት። ምን ዓይነት ስም ቢሆን ነው እንደ ወርቅ የሚደበቅ?

"ፀጉሩ ወደ ቀይ የሚያደላ ማለት ነው" አለች። "ግን ስሙን ያከበረው ሰውዬው ነው። ሱሀይብ ዐረብ ነው፣ ሮማውያን በልጅነቱ ማርከውት እነሱ ዘንድ አደገ። ለዚህ ነው ሩሚ የሚሉት። ዐረብኛው ራሱ የውጭ ሰው ይመስል ነበር ይባላል። የኔን የሂዳያን አማርኛ በይው!"

ሂዳያ የእህቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ዘኪያ ወስዳ አሳደገቻት። ናይሮቢ ስላደገች አማርኛዋ ውስጥ ስዋሂሊውም እንግሊዝኛውም ይገባል።

"ከዚያ መካ መጣ፣ ነገደ፣ ከበረ። ነቢዩ ወደ መዲና ሲሰደዱ ሊከተላቸው ቢነሳ የመካ ሰዎች መንገድ ዘጉበት። 'ባዶ እጅህን መጥተህ እኛ ዘንድ ከብረህ፣ አሁን ሀብቱን ይዘህ ልትሄድ?' አሉት። 'ሀብቴን ብተውላችሁ ትለቁኛላችሁ?' አላቸው። 'እንለቅሃለን።' 'በሉ ውሰዱት!' ብሎ መንገዱን ቀጠለ። መዲና ሲደርስ ነቢዩ ምን አሉት መሰለሽ፣ የሺ? 'ንግዱ አተረፈ!'"

እዚህ ላይ ዘኪያ ሻሿን ማጠባበቅ ጀመረች። ገባኝ። ታሪኳን አውቃለሁ። አባቷ ወረባቦ ውስጥ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ ሸኽ ነበሩ፣ ተረኩን ከሳቸው ነው የሰማችው። አግብታ ሞያሌ ወረደች፣ ከባሏ ጋር ሱቅ ከፈቱ። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መጡና "ከኛ አንዱን አግቢ፣ አለዚያ ሱቁን ትተሽ ውጪ" አሏት። ቁልፉን አውጥታ ሰጠቻቸው! ሂዳያን አዝላ ወደ ናይሮቢ በሚሄድ የከብት መኪና ላይ ወጣች። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው የሚቀመጠው ከላይ ብረቱ ላይ ነው፣ ከሥር በሬ ይገፋል። እሷ ያን ሁሉ አቧራ እየዋጠች "ንግዱ አተረፈ፣ ንግዱ አተረፈ" ትል ነበር። ያኔ ነው ለራሷ ቃል የገባችው፤ ከዚህች ካዘልኳት ልጅ ወንድ ከተወለደ ሱሀይብ ነው!

እና ተወለደ!

አሁን የምጽፈውን ሳስበው ራሱ እጄ ይቸኩላል። ዓርብ ነው። ነገ ሰባተኛ ቀኑ፣ አቂቃው ነው፤ በጉ ይታረዳል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ስሙ ይወጣል። በጉ ተገዝቷል፣ ስሙ ግን አልተገዛም! እኔ ገንፎ ይዤ ስወርድ ዘኪያ ቤት ክርክሩ ጦፏል። ሂዳያ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋ ላይ ናት። ባሏ አቡዘር፣ ኢምባካሲ አየር ማረፊያው አካባቢ ጭነት የሚያስተናግደው ጸጥተኛ ሰው፣ በር አጠገብ ቆሟል።

"በት እማ፣ ሱሀይብ የሚባል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ዋን ፐርሰን ጥሪልኝ!"

"አላየሁም! ለዚህ አይደል ለማንም ያልሰጠሁት!"

"አየሽ! የሌለ ስም ነው። ቲቸሮቹ መጥራት ያቅታቸዋል፣ ልጆቹ ይስቁበታል። ራያን በቃ። ኢዚ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል።"

"ራያን መጥፎ ነው አልወጣኝም። የጀነት በር ስም ነው፣ ጾመኞች የሚገቡበት። ግን በዚህ ሰፈር 'ራያን!' ብለሽ ብትጣሪ መድረሳው ባዶ ይቀራል።"

"ደግሞ ቀይ ፀጉር አላልሽም? እስቲ ልጄን እዪው፣ ጥቁር ሐር ነው!"

"ሂና እቀባዋለሁ!"

"እኔ እንኳን ሁለታችሁም ደስ ካላችሁ..." ብሎ አቡዘር ጀመረ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት፣ እናትና ልጅ አንድ ላይ። እሱም ገንፎውን ተቀብሎኝ ገለል አለ፣ ብልጥ ነው።

ሂዳያ አሰበችና ፊቷ በራ። "ሳዋ፣ እሺ። እንፈትነው። የጁምዓ ሶላት አሁን ወጥቷል፣ መንገዱ ሙሉ ነው። መስኮቱን ክፈቺና ጥሪ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ ዞር ካለ ስሙ አለ ማለት ነው፤ ሱሀይብ ይሁን። ማንም ካልዞረ ራያን።"

ቆይ እንጂ፣ ጉዱን አያችሁ? ዘኪያ ያን ስም ከሰው ሁሉ ስትከለክል ኖራ፣ አሁን ለማሸነፍ የግድ የሆነ ሰው ስሙን ይዞት መገኘት አለበት! ሰው ከተገኘ ድካሟ ሁሉ ከንቱ፤ ካልተገኘ ስሙ ራሱ ሊቀር ነው። ወደ ሕፃኑ አየች፣ ወደኔ አየች፣ "ቢስሚላህ" ብላ መስኮቱን ከፈተች።

"ሱሀይብ!"

ከታች የማታቱው ታክሲ ጡሩንባ፣ የሐብሐብ ሻጩ ጩኸት፣ ሙዚቃው። ማንም አልዞረም።

"ራያን!" አለች ሂዳያ፣ ሕፃኑን ብድግ አድርጋ።

"አይቆጠርም! ድምፄ መሬት አልደረሰም!" ዘኪያ ክንዴን ያዘች። "የሺ፣ አንቺ ያንን እሑድ እሑድ ጣራዬን የምትነቀንቂበትን ድምፅ ለመቼ ነው የምታስቀምጪው? ጥሪልኝ!"

"እኔ? ጴንጤዋ?"

"ጌታሽ የሰጠሽ ጉሮሮ አይደል? ጥሪ!"

ግማሽ አካሌን ከመስኮት አውጥቼ፣ አየር ስቤ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለቀቅኩት። "ሱሀ...ይብ!"

ኧረ ጉድ! አንድ የቦዳቦዳ ነጂ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ቀና አለ። ሐብሐብ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ ዞረ። አንድ ሱማሌ ሽማግሌ፣ ጢማቸው በሂና እንደ እሳት የቀላ፣ ምርኩዛቸውን ወደኛ ቀስረው "ናኒ?" አሉ፣ ማነው የሚጠራኝ እንደማለት። ማዶ ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባዋ ላይ ያለውን እያሳየች "ምን አደረገ ልጄ?" ብላ ጮኸች። አራት! አራት ሱሀይብ በአንድ መንገድ!

እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። አቡዘር ገንፎው ትን አለው። ዘኪያስ? ደስ ብሏት ተቀመጠች ብላችሁ ከሆነ አታውቋትም። በትከሻዋ ገፍታኝ መስኮቱን ያዘችና በስዋሂሊ ጮኸች፦ ማነው ይህን ስም ያወጣላችሁ? ከየት አመጣችሁት?

"አያቴ ነው!" አለ ቦዳቦዳው። "እኔ እንኳ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው" አለ ሐብሐብ ሻጩ፣ መንገዱ ሳቀ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን መቱና "ሴትዮ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሱሀይብ ነኝ! ምን ፈለግሽ?" አሏት። ዘኪያም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከሽማግሌው ጋር ገጠመች። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አባታቸው ታሪኩን ያውቁት እንደነበር ትጠይቃለች፤ እሳቸው ይመልሳሉ፤ መንገደኛው ይፈርዳል።

እኔ ግን ዞር ብዬ አየሁ። ሂዳያ አፏን ሕፃኑ ጆሮ ላይ አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ "ሱሀይብ" ትለዋለች። ደግማ ታየዋለች። "ሱሀይብዬ። ሰማህ? ሲጠሩህ ሁሉም ዞረ።"

የዘኪያን ቀሚስ ጎተትኩት።

"ተዪኝ እስቲ፣ ሰውዬው እየዋሸኝ ነው!"

"ዘኪያ! ዘኪያ፣ ዙሪ!"

ዞረች። ሂዳያ ቀና ብላ አየቻትና ሕፃኑን ወደሷ ዘረጋች። "እንቺ፣ ሱሀይብን ያዢልኝ፣ እጄ ዛለ።"

ዘኪያ፣ ስንት የሰው ልጅ ያቀፈች ሴት፣ እጇ ጠፋባት። እንዴት እንደምትይዘው ግራ ገባት፣ አንገቱን ትደግፋለች፣ እንደገና ታስተካክላለች፣ እንባዋ ኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል። ከታች ሽማግሌው አሁንም "ሴትዮ! ምን ፈልገሽ ነው?" እያሉ ይጣራሉ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ መስኮቱ ጋ ተመለሰች።

"ነገ በግ ብሉ!" ብላ ጮኸች፣ ድምፁ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ አላህ ይወቅ። "አራታችሁም ኑ! አምስተኛው እኔ ጋ ነው!"