አባቴ ጽዋውን ያስረከበ ቀን

ያልታጠበ አዲስ ጋቢ ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባለፈው ልጄ አንድ ገዝቶልኝ መጣ። ፊቴን ቀብሬ ሳሸተው ጥጥ ጥጥ አለኝ፤ ወዲያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ክረምቱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ትዝ አለኝ። ልንገርሽ፣ ለምን እንደምናደድ ይግባሽ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበር፤ የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ነው የሚባለው። ታሞ ተኛ፤ እንደማይነሣም አወቀ። ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ያለው ማኅበርተኛ ማር ይዞ መመላለስ ጀመረ።

«ሙሴ፣ ጽዋውን ለእኔ ይተዉልኝ። እንደ ንጉሥ ግብር ነው የማበላቸው።»

«ጽዋው የእኔ ቢሆን ለልጆቼ አወርሰው ነበር» አለው አባቴ። «የእግዚአብሔር ነው። እሱን ልጠይቀው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲጸልይ ሰነበተ።

የማኅበሩ ዕለት ቤታችን ሞላ። እርጥብ ጋቢና ጠላ ይሸታል። ቄሱ ከባረኩ በኋላ፣ አባቴ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ጽዋውን አንስቶ ለሸማኔው ሰጠው። ለጎረቤታችን ለሸማኔው! ሁለት ማኅበርተኞች ተኳርፈው በነበሩበት ጊዜ ለማስታረቅ በዝናብ ገራዶ ድረስ በእግሩ የተመላለሰ እሱ ነው። ሌላው ቤቱ ተቀምጦ ያማ ነበር።

ዳቦ ሳዞር፣ ባለወፍጮው አጠገቡ ላለው ሰው «ከሸማ ጉድጓድ ወጥቶ ሙሴ!» ሲል ሰማሁት። አባቴም ሰማ።

«ዮሴፍም ከጉድጓድ ነው የወጣው» አለ።

ሸማኔው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ለባለወፍጮው ዘረጋለት።

«ይለፈኝ። ሆዴን አሞኛል።»

የሚቀጥለውንም ሆዱን አመመው። ከዚያ የሚቀጥለውንም።

እኛ ማኅበር ጽዋ የሚያሳልፍ የተጣላ ሰው ነው፤ በደሉን ተናግሮ፣ ታርቆ ነው የሚጠጣው። አባቴ ከትራሱ ቀና አለ።

«ምን በደላችሁ? ተናገሩና ይካሳችሁ!»

ሸማኔ ስለሆነ ነው ብሎ በሚካኤል ፊት ማን ይናገር?

«የሁላችሁም ሆድ ባንድ ጊዜ?» አለ አባቴ።

እኔን ያቃጠለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የለበሱት ጋቢ ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነበር። ገላቸውን ሲያለብስ ያልቆሸሸ እጅ፣ ጽዋ ሲይዝ ቆሸሸ! ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ዝም በይ! ነገም ከእነሱ ጋር ነው የምንኖረው።»

ያን ቀን ጠላኋት። ዛሬ እኔም ልጄ ሰው ፊት ሲናገር ልቤ ትር ትር ይላል፤ አልፈርድባትም።

ሸማኔው ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ሰዎቹ ለሚወዱት ይስጡት» አለ።

«እኔ የሰጠሁህ ከመሰለህ ተወው» አለው አባቴ። «እግዚአብሔር ነው የሰጠኝ ካልክ ግን፣ አብሽር፣ ያዝ።»

ያዘ። ቄሱ ተቀብለውት ጠጡ፤ ጥቂቶችም ጠጡ። የቀሩት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡና ባለወፍጮውን ሙሴ አድርገው ኮምቦልቻ ላይ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። እዚያ ማንንም ሆዱን አላመመውም።

አባቴ ወር ሳይሞላው ዐረፈ። ሸማኔው ያን ጠዋት ከሸማ ዕቃው የወረደ፣ ገና ውሃ ያልነካው ጋቢ ይዞ መጣ፤ አባቴ በእሱ ተገነዘ። እነዚያም ለቀብር መጡ። አስከሬኑን እየተቀባበሉ ተሸከሙ፤ ከቀብር ስንመለስም ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ከፊት ተቀመጡ። ሸማኔው በር ላይ፣ የድንኳኑ ጠፈጠፍ እየወረደበት ቆሞ ነበር።

እናቴ ከለቀስተኛው መሐል ተነሣች። ያቺ ፈሪ እናቴ፣ ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው የኖረች፣ በሁሉም ፊት፣

«ሙሴ፣ ይግቡ እንጂ። ቦታዎ እዚህ ነው» አለችና፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረውን በርጩማ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።