ሦስት ፊልም ለአጎቴ ፊት

መርሳ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ካሜራ የሚያውቁት ግን አጎቴ ነበሩ። ይህን እንዳምን ጦርነት መምጣት ነበረበት፤ ግትርነቴ ይህን ያህል ነው።

አጎቴ ወልድያ ላይ ሰላሳ ዓመት ያህል ፎቶ ሲያነሱ ኖረው፣ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ሲያደክመው እኔ ዘንድ መጡ። ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራቸውንም ይዘው መጡ። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፤ እያንዳንዱ የፖስታ ካርድ የሚያህል ሉክ ነው። በጨለማ አንድ በአንድ እየተወሰደ፣ እሳቸው ካሴት በሚሉት ስስ የእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ይከተታል። «ይህን የንብ ቀፎ መቼ ነው የምንጥለው?» እላቸው ነበር። «ማሩ ሲያልቅ» ይሉኛል እየሳቁ።

ከዚያ ከተማው በታጣቂዎች እጅ ገባ። መብራትና ስልክ ተቋረጠ። የዲጂታል ካሜራዬ ባትሪ አለቀ፣ የእጅ ስልኬም ተከተለው። በስተደቡብ ወደ ደሴ ውጊያ ነው፣ በስተሰሜን ወደ ወልድያ ኬላ ነው። ቤት ለቤት ፍተሻ ስለነበር በጠራራ ፀሐይ በራችንን ቀርቅረን ሁለታችን እንቀመጣለን። ፎቶ ቤቴ ከነመስታወቱ ተዘግቶ ቀረ፤ እኔም አብሬው።

የአጎቴ ኢንሱሊን እየተመናመነ ሄደ። ግራና ከተማ ይገኛል ብለውኝ በእግሬ ብሄድ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ባዶ መደርደሪያውን አሳይቶ መለሰኝ። የቀረውን እየቀነሱ መወጋት ጀመሩ። ገበያ ላይ የሚገኘው ፓፓያ ብቻ ነበር፤ እሱም ለእሳቸው መርዝ ነው። ያን ጊዜ ያሰረኝ ውጭ ያለው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ዓይኔ እያየ የሚቀልጡ ሰው አጠገብ እጄን አጣጥፌ መቀመጤም ነበር።

አጎቴ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጅዳ ነው ያለችው። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የፓስፖርቷን ፎቶ ያነሷት ራሳቸው ናቸው። በደወለች ቁጥር ፎቶዎን ይላኩልኝ ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ የፎቶ አንሺ ቦታው ከካሜራ ኋላ ነው እያሉ ይሸሹ ነበር። አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ጠሩኝና «ስልኩ ሲከፈት እኔ ላልኖር እችላለሁ» አሉኝ። «ለልጄ ፊቴን አስቀሪላት። ሦስት ፊልም አለኝ።»

መለማመጃ ብለው የገዛ ደረታቸውን የራጅ ፊልም በመቀስ ቆርጠው ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ጊዜ ካሴቱ ውስጥ አስገባሁ፣ አሥር ጊዜም ሆነልኝ። ይሄ ነው እንዴ ሠላሳ ዓመት የተኮራበት ሙያ አልኩ በልቤ።

የጓዳውን መስኮት በብርድ ልብስ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍኜ ገባሁ። የረሳሁት ነገር፣ በእውነተኞቹ ፊልሞች መሐል ጥቁር ወረቀት መኖሩን ነው። ወረቀቱን በክብር ካሴቱ ውስጥ አስገባሁት፤ ፊልሙን ወረቀት ነው ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ብርሃን ሲመታው ያው አለቀለት። አጎቴ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝ። እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም።

ሁለተኛውን በትዕግሥት አስገባሁት። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ፊልሙ በካሴቱ ግራና ቀኝ ካሉት ስስ ከንፈሮች ሥር መንሸራተት አለበት፤ የእኔው በአንዱ ሥር ገብቶ በሌላው ላይ ተንጋዷል። አጎቴን ግቢ ውስጥ አስቀምጬ የካሴቱን ክዳን ስስብ፣ ፊልሙ ተጣጥፎ ካሜራው ውስጥ ወደቀ፤ ሳወጣው ብርሃን አገኘው። ያን ቀፎ በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በሳቸው ሳይሆን በራሴ ተናድጄ።

«ለሦስተኛው እኔም አብሬሽ እገባለሁ» አሉ። «ጨለማ ለእኔ ያው ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ገባን። ጓዳው ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ትይዩ ተቀመጥን። የፊልሙን ሣጥን ገና ከመክፈቴ ውጭ የሩጫ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የጎረቤታችን የቆርቆሮ በር በሰደፍ ሲደበደብ ሰማን። ፊልሙን መልሼ ልክደን ብል ክዳኑ ከእጄ አምልጦ የት እንደገባ ጠፋ። አሁን በሩ ቢከፈት የመጨረሻውም ፊልም ሄደ ማለት ነው። በላብ ተነከርኩ።

«ውሃ ጠማኝ» አሉ አጎቴ።

ስኳሩ ሲነሳባቸው እንዲያ ነው፤ ጥማቱ ፋታ አይሰጥም። ጀሪካኑ ከበሩ ወዲያ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲላቀቅ ይሰማኛል።

«ልክፈተው አጎቴ?»

«ፊልሙ ሳይገባ እንዳትከፍቺ! ወላሂ አላይሽም።»

ፊልሙን አወጣሁ፣ ወረቀቱንም ለይቼ ጣልኩ። ጠርዙ ላይ እንደ ጥርስ የተበሉ ትንንሽ ምልክቶች አሉት። አጎቴ እንዳስተማሩኝ፣ ሉኩን ቀጥ አድርገሽ ስትይዢው ጥርሶቹ ከላይ በቀኝ እጅሽ በኩል ከሆኑ፣ ብርሃን የሚይዘው መድኃኒት የተቀባው ገጽ ወዳንቺ ነው፤ እንደዚያው አድርገሽ ታስገቢያለሽ። ጣቴ አገኛቸው። ልክ ነበርኩ፤ ግን ከሁለቱ ጥፋት በኋላ ራሴን ማመን አቅቶኛል።

«ይዩልኝ» አልኳቸው።

«አምጪው።»

በቀኝ እጄ ሰጠኋቸው፤ የቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ። ማንም በማያይበት ጨለማ፣ የጎረቤት በር በሚደበደብበት ሰዓት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው ነው የሰጠኋቸው። ጠርዙን ዳሰሱ፣ አዟዟሩት። «ልክ ነው» ብለው መለሱልኝ። በሁለት እጄ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩና እንደመጣልኝ አንሸራትቼ ከተትኩት። ትልቅ ሰው መርምሮ ልክ ነው ያለውን መልሶ መዳሰስ ነውር ነው፤ እንዲያ ተብዬ ነው ያደግሁት። ካሴቱን ከድኜ ለደቂቃዎች ውጭውን አዳመጥኩ። ሰዎቹ የእኛን በር አልፈው ሄዱ። ከፍቼ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሦስት ጣሳ ጠጡ።

በማግስቱ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። የሌንሱን ክዳን አንስቼ እሳቸው ራሳቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉልኝ መለስኩት። «አሁን ገና ፎቶ አንሺ ሆንሽ» አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ኢንሱሊኑ ያለቀ ሰሞን ሞቱ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ቀበርናቸው፤ ቀባሪው በጣት የሚቆጠር ነበር። ካሴቱን በፎጣ ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አኖርኩት።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገዱ ሲከፈት፣ መብራትና ስልክም ሲመለስ ደሴ ሄድኩ። አንድ የራጅ ባለሙያ ለምኜ፣ የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ይዤ ተመለስኩ። ጓዳውን ደፍኜ ፊልሙን ከካሴቱ ሳወጣ ጣቴ ጥርሶቹን ፈለገ። በግራ በኩል ነበሩ።

ጀርባውን ነበር ያስገባሁት። እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆሜ ገባኝ። እሳቸው ትይዩ ተቀምጠው ወደ ራሳቸው ፊት አዙረው መረመሩት፤ ልክ ነው ያሉት በእሳቸው በኩል ነው። እኔ ዘንድ ሲመለስ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ እኔም አክባሪዋ አልነካሁትም። ጮኼ ተሳደብኩ፤ አንዴ ራሴን፣ አንዴ ያሳደጉኝን ሁሉ።

ቢሆንም አጠብኩት። ምስሉ አለ፤ ግን ብርሃኑ በጀርባው አልፎ የደረሰው ጥቂት ስለሆነ እጅግ ደብዛዛ ነው። መስኮት ላይ ለጥፌ በስልኬ አነሳሁትና ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጥኩት። ኮፍያው፣ ግንባሩ፣ የአፍንጫው ጫፍ ወጡ። የዓይናቸው ጉድጓድና ከጉንጫቸው ሥር ያለው ጥላ ከሰል ሆነ።

መርዶውን ለልጃቸው ቀድመን ነግረናት ነበር። ፎቶውን ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

«እህቴ፣ አባዬ ዓይናቸው የት ገባ? ጉንጫቸውስ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «ፊልሙን ገልብጬ አስገብቼው ነው። ጥላ የሆነውን ሁሉ አጠቆረው።»

እውነት ነው። ግን ያን ቀን ግቢ ውስጥ ፊታቸውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከፎቶው ብዙም የተሻለ አልነበረም።

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ ፊልሙ ነው?»

«ወላሂ፣ ፊልሙ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁት። «እኔ እኮ እንዲህ ከስተው የሞቱ መስሎኝ ነበር።»