በጥቁር እስክሪፕቶ የተሣሉ አራት እባቦች

እባብ እፈራለሁ። አፈራሬ እንደ ሰው ሁሉ አይደለም፤ መንገድ ላይ የወደቀ ገመድ ካየሁ ዞሬ ነው የማልፈው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፣ እኔ ግን ሳላይም እበረግጋለሁ። ስለዚህ በማስተምርባት የሊበን መንደር የክሊኒኩ ድሬሰር አራት እባቦች እንድሥልለት ሲለምነኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ።

"የተነደፈ ሰው ይመጣና 'ቦፋ ነው' ይለኛል" አለ። "ቦፋ ማለት እባብ ነው፤ የትኛው እባብ? ሣዪልኝና ግድግዳ ላይ ልስቀለው። በጣቱ ያሳየኝ።"

እሺ ያልኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። በእስክሪፕቶ መሣል ስለምወድ ነው።

ጥቁር እስክሪፕቶ ላጲስ አያውቅም፤ አንዴ የተሰመረ ተሰመረ ነው። በእኛ ሙቀት ቀለሙ ስለሚቀልጥ መጀመሪያ ጫፉን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ የዳሩን መስመር ሳላቋርጥ አወጣዋለሁ። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ጥላውን በቀጫጭን መስመሮች እሞላና ይበልጥ እንዲጠቁር ስፈልግ በሌላ መስመር አቋርጣቸዋለሁ። ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ሆድና ጀርባ ሲያወጣ ከማየት የበለጠ ደስታ አላውቅም።

እረኞች የገደሏቸውን በእንጨት አንጠልጥለው አመጡልኝ። ሞተዋል ተብዬም እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው የሣልኳቸው። ሁለቱ እፉኝቶች ዝንጉርጉር ስለነበሩ አላስቸገሩኝም። ሦስተኛዋ ኮብራ ነበረች፤ ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ምንም ምልክት የሌላት። ልሙጥ ነገር ደግሞ እጄን አያጠግበውም። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ መስመር በመስመር ላይ እየደራረብኩ ጥላ አበዛሁባት። ከአራቱ እሷ አማረች። አራተኛዋ መርዝ የሌላት ነበረች። ደክሞኝ ስለነበር የዳር መስመሯን ብቻ አውጥቼ ተውኳት።

ሥዕሉ ከተሰቀለ ሰባት ወር ሆነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰላምታ ሰበብ እያደረግኩ እገባና አየው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ገብቼ ሳለሁ አንዲት ወጣት ሴት በአማቷ ተደግፋ መጣች። አብረው ማገዶ ሲለቅሙ እባብ ቁርጭምጭሚቷን ነድፏታል። እግሯ ገና አላበጠም፤ ንግግሯም ደህና ነበር። ድሬሰሩ ወደ ሥዕሉ ወሰዳት። ቆማ አየችና ጣቷን አራተኛዋ ላይ አሳረፈች።

"ተመስገን፣ ይቺስ መርዝ የላትም" አላት። "ቁስሉን ልጠብልሽና ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

አማቷ ግን ኮብራዋ ፊት ቆመው ቀሩ። "ይህች ትመስል ነበር" አሉ ለራሳቸው ያህል። "ግን ይህች ጀርባዋ ላይ መረብ አለ። ያቺ መረብ የላትም።"

መረብ ያሉት የኔን ጥላ ነው። እነዚህ ሰዎች ላሞቻቸውን ሁሉ በቆዳቸው ምልክት ለይተው የሚጠሩ ናቸው። ለእነሱ ጀርባ ላይ ያለ መስመር ምልክት ነው እንጂ ጥላ አይደለም። ልጅቷም ልሙጥ እባብ ፈልጋ ያገኘችው አራተኛዋን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጥላ እንደሚሠመር ማን አስተማራቸው?

ከተናገርኩ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው። ዝም ካልኩ ልጅቷ ቤቷ ልትገባ ነው። ይህን ለማሰብ የፈጀሁት ጊዜ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ድሬሰሩ ቁስሏን አጥቦ ጨርሶ ነበር።

"አዴ" አልኳቸው አማቷን እንደ እናት ጠርቼ፣ "እሱ መረብ አይደለም። እባቧ ላይ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ድሬሰሩ አየኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ "እባቧ አንገቷን አስፍታ ነበር?" አላት።

"አዎ" አለች። እንደዚያ የምታደርገው ኮብራዋ ናት።

እግሯን በእንጨት ደግፎ አሰረውና ወደ መንገዱ ሮጠ። ከብት የጫነ አይሱዙ አስቁሞ ወደ ነገሌ ሆስፒታል ላካት። ተሸክመን ስንጭናት የዓይኗ ቆብ መውደቅ ጀምሯል፤ ምራቋንም መዋጥ አቅቷት ነበር። 

በአሥራ አንደኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች። አማቷ ገበያ ላይ አግኝተውኝ መረቁኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ድሬሰሩ አሮጌውን ሥዕል በተነደፈችበት ዕለት አውርዶት ስለነበር ያለ ጥላ አዲስ ሣልኩለት።

አሮጌው ተሰቅሎ የቆየው ግን ሰባት ወር ነው። ከእሷ በፊት ስንት ሰው አራተኛዋን አሳይቶ "ቤትህ ግባ" ተብሎ እንደሄደ ልጠይቀው ብዬ ብዙ ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ሄጄ ሳልጠይቀው ተመልሻለሁ። እሱም አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። ተቀይሮ ወደ ፊልቱ ሲሄድ ልሸኘው ወጣሁ፤ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ያወራነው ስለ ዝናቡ ነበር።