ከተነቀለች በኋላ የምትጮኸው ኮምፒውተር

የመንግሥት ሠራተኛ ፍጥነት የለውም የሚል ሰው ጂንካ ላይ ሰማይ ሲያጉረመርም አላየም። ለስብሰባ አንድ ሰዓት የሚያረፍደው ሁሉ ለነጎድጓድ ሲሆን መብረቁን ራሱ ይቀድመዋል። አንድ ጊዜ መብረቅ የቢሮአችንን ፎቶኮፒ ማሽን ካቃጠለው ወዲህ ማንም ያልጻፈው ማንም የማይሽረው ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ዳመና ከጠቆረ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀላል። መብራቱ ይነቀላል፣ ስልኩ ይነቀላል፣ የኔትወርኩ ገመድ ይነቀላል። በባትሪ የሚሠራ የግድግዳ ሰዓት ከምስማሩ ያወረደ ሰውም አውቃለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይሰካል። የት? ቀዳዳ በተገኘበት።

እኔ የዚያ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ይህ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ቻርጀር ሲጠፋ፣ ዲሽ በንፋስ ሲዞር ስሙ የሚጠራ ሰው ማለት ነው።

ከአንድ ብርቱ ዝናብ ማግስት ኔትወርካችን ታመመ። ሞተ አላልኩም፤ የሞተ ነገር ተቀብሮ ይረሳል። ይሄ ያጣጥር ነበር። ፋይል ለመክፈት አንድ ኩባያ ሻይ ይፈጃል፣ ለመዝጋት ሁለት። ራቅ ብላ ባለችው ዲመካ ከተማ ያሉት ባልደረቦቻችን ሪፖርታቸው አልሄድ ቢላቸው በፍላሽ አድርገው ለሚኒባስ ሰጡት። ፍላሹ ከፍየል ነጋዴዎች ጋር ተጋፍቶ መጣ። ስንሰካው ኮምፒውተሩ «ምእእ» አለ ብል ማጋነን ነው፤ ፍየል ፍየል ይሸት እንደነበር ግን እምላለሁ።

አለቃችን ምርመራውን እኔ ሳልደርስ ጨርሰው ጠበቁኝ። ጥፋተኛዋ ጸሐፊያቸው ናት። ልጅቷ ከገዘር የመጣች፣ ቀን ቢሮ እየሠራች ማታ ኮሌጅ የምትማር ናት፤ ለመመረቅ የቀራት ጥቂት ወር ነው። ከኮሌጅ ያመጣችውን ፍላሽ ስትሰካ አይተዋታል። በቃ፣ ቫይረስ። ኮሪደር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ ነገር እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ዲመካ ትዛወሪያለሽ» አሏት።

እኔ ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዲመካን ጠልቼ አይደለም። ትምህርቴ ግን እዚያ የለም። እኔ ካጠፋሁ ለእኔ ንገረኝ። ካላጠፋሁ ለእሳቸው ንገርልኝ።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ ስዕል የሌለው፣ ፊደል ብቻ የሚጻፍበትን ጥቁሩን ገጽ። እዚያ ላይ ቲሲፒደምፕ የሚባል ትእዛዝ አለ። ሥራው በገመዱ የሚያልፈውን ወሬ ቆሞ መስማትና እያንዳንዱን በአንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ማን ተናገረ፣ ለማን፣ ስለ ምን። ባጭሩ ጎረቤት ማለት ነው።

ትእዛዙን ጽፌ ገና ጣቴን ሳላነሳ መስመሮቹ ጎረፉ። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዱስ መንደር ላይ ሲወርድ እንደዚያ አይሮጥም። አለቃችን ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምንድን ነው የሚሮጠው?»

«ጥያቄ ነው።»

«ምን ይጠይቃል?»

«አንዱ ኮምፒውተር ፕሪንተሩ የት ነው እያለ ሁሉንም ይጠይቃል።»

«ፕሪንተሩማ እዚያ ጥግ ነው። ንገረዋ።»

ለእዚህ መልስ የሚሆን ትእዛዝ እስካሁን አልተፈጠረም።

የሰማሁትን በፋይል ቀድቼ፣ በሌላ ትእዛዝ ጠያቂዎቹን ለየኋቸው። ጎርፉ ከሞላ ጎደል ከአንድ ኮምፒውተር የመጣ ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ መኪና ሰሌዳ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። የጸሐፊዋ ሆኖ አገኘሁት።

«ይኸው» አሉ አለቃችን፣ «የራስህ መሣሪያ መሰከረባት።»

«መሣሪያው የሚለው ማን እንደጠየቀ ነው። ለምን እንደሚደጋገም አይልም።»

«የሚደጋገመው ቫይረስ ስለሆነ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ምክር ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንዱ ፎርማት አድርገው ይላል። የቢሮው ሹፌር ሞተሩን አጥፍተህ አስነሳው ይላል። እሱን አድርጌዋለሁ፤ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ባለ ብዙ ቀዳዳ ሳጥን፣ ስዊች የምንለውን፣ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ። ጸጥ ይላል። ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ጩኸቱ ይነሳል። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትገባው ደግሞ ጸሐፊዋ ናት። አርፍዳ ብትመጣ ኖሮ ሌላ ሰው ይወነጀል ነበር፤ ቢሮአችን ትጋትን የሚሸልመው በዚህ ዓይነት ነው።

ሐሙስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ የላፕቶፔ ባትሪ አለቀ። ላፕቶፑ ሲነሳ አለቃችን «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የምታነበው?» አሉኝ። ጸጉሬ ያኔ ነው የሸሸው፤ ሚስቴ ግን ቀድሞም አልነበረህም ትላለች።

ዓርብ ጠዋት የቀዳሁትን ፋይል እንደ አዲስ፣ ቀስ ብዬ፣ መስመር በመስመር አነበብኩት። በጥያቄዎቹ መሐል የፕሪንተሩ መልስ አለ። «እዚህ ነኝ» ብሎ ለጸሐፊዋ ኮምፒውተር መልሷል። መልስ ያገኘ ኮምፒውተር ደግሞ እንደገና አይጠይቅም። ቢጠይቅም ትንፋሽ ይወስዳል፤ እነዚህ መስመሮች ግን በመካከላቸው ክፍተት የሚባል ነገር የላቸውም። ልጅቷ ክፍል ሄጄ፣ «ገመድሽን ንቀይ» አልኳት። ነቀለች። አለቃችንን ጠርቼ ላፕቶፑን አሳየኋቸው። አሁንም በእሷ ኮምፒውተር ቁጥር ጥያቄው ይጎርፋል።

«ኮምፒውተሯ የት ነው?» አሉ።

ልጅቷ የገመዱን ጫፍ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

ገመዱን አዩ። ላፕቶፑን አዩ። «ታዲያ ማን ነው የሚጮኸው?»

«ማንም። ኮምፒውተሯ አንድ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ ነው መውጫ አጥቶ የሚዞረው።»

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ስዊቹን ዳበስኩ። ሁለቱም ጫፉ እዚያው ሳጥን ላይ የተሰካ አንድ አጭር ገመድ አገኘሁ። ሠራተኛው ከየክፍሉ ብቅ ብቅ ብሎ ስለነበር ለሁሉም አስረዳሁ፤ በፊት በር የሸኛችሁት እንግዳ በጓሮ ተመልሶ ገብቶ ሁላችሁንም እንደገና ሰላም ቢል፣ ከዚያም ብትሸኙት፣ እንደገና ቢመለስ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ማውራት ይቻላል? ይኸው ነው። አንዱን ጫፍ ነቀልኩት። ላፕቶፑ ላይ መስመሮቹ ቆሙ።

«ይህን ማን ነው የሰካው?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ጣራ ጣራ ያይ ጀመር። አለቃችን ጎንበስ ብለው ገመዱን አዩት።

«ያን ዕለት ከዝናቡ በኋላ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ባዶ ቀዳዳም ነበር። የመንግሥት ንብረት ተንጠልጥሎ ዝም አይባልም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በይ እሺ፣ ሰክተሽ ሥራሽን ቀጥዪ።»

«አልሰካም።»

«ምን ሆነሽ?»

«እዚህ ኮሪደር ላይ ነው የተናገሩኝ። እዚሁ ይናገሩልኝ።»

«ችግሩ ቴክኒካል ነበር ተብሏል እኮ።»

«ቫይረሱስ?»

«ቫይረስ አልነበረም።»

«ያስገባሁትስ?»

«አላስገባሽም።»

«ዲመካስ?»

አለቃችን ይህችን ልጅ ዝም የሚያሰኝ ትእዛዝ ያለኝ ይመስል ወደ እኔ አዩ። የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጣቸውም።

«የትም አትሄጂም። ትምህርትሽን ጨርሺ።»

ገብታ ሰካችው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ማታ ትምህርቷ ሄደች።

አለቃችን ግን በሩ ላይ ጠብቀው ክንዴን ያዙኝ። «ያ ፕሮግራምህ» አሉ በቀስታ፣ «ሰው ኮሪደር ላይ የሚናገረውንም ይሰማል እንዴ?»

ደንበኛ ባለሙያ «አይሰማም» ይላል።

«አንዳንዴ» አልኳቸው።