መጋቢያችን በዊልቸር ኖርዌይ ሄዱ

ሐዋሳ ላይ "መጋቢን ውጭ አገር የሚያበራቸው ማነው?" ብትሉ መልሱ እኔ ነኝ። አብራሪውማ መሪ ይዞ መቀመጥ ነው ሥራው። ፒያሳ ባለችው ትኬት ቢሯችን ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ አንዴ ነው የተማሩት።

የአሁኑ ጉዞ ኖርዌይ ነው፣ ለጉባኤ። ባለፈው ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ በሩ ጠፍቷቸው ጉባኤው ካለቀ በኋላ ደረሱ። አሁንም ከቀሩ ዳግመኛ የሚጋብዛቸው የለም። ስለዚህ እናቶችን ስንልክ የምንሠራትን ዘዴ ሠራሁ፦ ትኬቱ ላይ ዊልቸር አስጨመርኩ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ የሚገፋው ልጅ ከበር በር ያደርሰዋል። ለመጋቢ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በሰባ ዓመታቸው የታቦርን ተራራ ሳያርፉ የሚወጡ ሰው ናቸው!

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከቤታቸው በመኪና ወጣን። ሻሸመኔን ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን አለፍን። ባቱ ላይ ዓሣ ጥብስ በላን፣ ስድስት መቶ ብር፤ መጋቢ ለድመቷ እንኳን አላስተረፉም።

"አንተ ቀልደኛ፣ ሁሉን አስተካክለሃል?"

"እኔ እያለሁ መጋቢ? እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ!"

ከዚያ ወዲያ በፍጥነት መንገዱ በረርን።

ቦሌ

በሩ ላይ ሊሸኟቸው የመጡ ምእመናን እየዘመሩ ጠበቁን። ወዲያው ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ዊልቸር እየገፋ መጣና የመጋቢን ስም ጠራ። ዝማሬው ቀጥ አለ።

መጋቢ እኔን አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዳይጠፉብን ብዬ ነው" አልኩ በሹክሹክታ።

ሽባ እንዲነሳ የሚጸልዩ ሰው ናቸው እኮ! ጥቂት አሰቡና ተቀመጡ። አንዲት እናት "ውይ አባታችን! ምን አገኘዎት?" ብላ ማልቀስ ስትጀምር፣ ሊያጽናኗት ብድግ አሉ።

"ተነሡ! ሃሌሉያ!" ብለው ምእመናኑ ጮኹ።

እልልታው ቀለጠ። የታክሲ ሹፌሮች ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። እኔ ብሆን በዚያች ተአምር አንድ ዓመት እኖርባት ነበር።

መጋቢ ግን እጃቸውን አነሱ። "እህቴ፣ ተይ። ምንም ተአምር የለም፤ እግሬ ድሮም ደህና ነው። ባለፈው መንገድ ጠፍቶኝ ነው የቀረሁት። ጌታ እግር ሰጥቶኛል፤ እንግሊዝኛ ግን አልሰጠኝም።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተመልሰው ተቀመጡ። "ግፋ፣ ልጄ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ያችው እናት ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ዝማሬውም ቀጠለ። እኔም ሻንጣቸውን ይዤ ከዊልቸሩ ኋላ እስከ በሩ ተከተልኩ።

ሐዋሳ

ማታ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ መጋቢ ደወሉ። "ደርሻለሁ! ፍራንክፈርት ላይ ወጣቶቹን ሁሉ ቀደምኳቸው!"

ሰኞ አንድ የድሮ ደንበኛዬ ቢሮ መጥተው ስለ አንድ አገር ቪዛ ጠየቁኝ። በፊት ቢሆን እዚያው ፈጥሬ እነግራቸው ነበር።

"አላውቅም ጋሼ፤ ጠይቄ ልንገርዎት" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ።

"አሞሃል እንዴ፣ ልጄ?"