አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ

እኔ መድረክ ላይ ሞቼ አውቃለሁ። ያውም አንድ ቀን አይደለም፤ በየእሁዱ ከሰዓት፣ አምስት ኪሎ ባለ አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ። የምሞተው ሰውዬ ትልቅ ሆቴል እከፍታለሁ እያለ ሲያልምና ሲጎርር ከርሞ፣ በመጨረሻ ያለችውንም ሱቅ አጥቶ በሐዘን ክልትው የሚል ነጋዴ ነው። አዘጋጇ ሴትዮ በልምምድ ላይ አይታኝ፣ ሰውዬው ነፍስ የለውም፣ ከምታውቀው ሰው ቅዳ አለችኝ። አይ እኔ! ስንት የማውቀው ሰው እያለ የገዛ አባቴን ልቅዳ?

አባቴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ በር ላይ የሚቆምባት ክፍል አለችው። ከስፌት መኪናው ኋላ ግን «የሙሉ ልብስ ፋብሪካ» የሚል ታፔላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እኔ ሳልወለድ የተጻፈ ነው። መቼ ነው የሚሰቀለው ያሉት እንደሆነ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ስቦ እጁ ላይ እየጠመጠመ፣ «መስከረም ይጥባ ብቻ» ይላል። ስንት መስከረም ጠባ መሰላችሁ።

እኔ ደግሞ ሜትሩን በከረባት ተክቼ የቀረውን እንዳለ ለሰውዬው ሰጠሁት። አዘጋጇ በሳቅ ፍርስ አለች።

የሰውዬውን ኮት የሰፋውም አባቴ ነው። ሥራው ምንድነው ሲለኝ፣ ሆቴል ሊከፍት ነው አልኩት፤ መጨረሻውን ዋጥኩት። ደስ አለውና ከጀርባው ስፌት ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተወ። ለማንም ቢሰፋ ልማዱ ነው፤ ሰውየው ነገ ሲደላውና ሲወፍር የሚለቀቅ ነው። ደንበኞቹ ጨርቃችንን ፈጀኸው ብለው ይነጫነጫሉ። እሱ ግን ሰው እንደከሳ ይቀራል ብሎ መስፋት ነውር ይመስለዋል።

የመጀመሪያው እሁድ የሱቅ ጎረቤቶቹን ሁሉ አስከትሎ ከች አለ። ሜትሩን እንኳ አንገቱ ላይ ረስቶት ነው የመጣው። ጉዴ ፈላ። «መስከረም ይጥባ ብቻ» ስል አዳራሹ ሳቀ፤ ጎረቤቶቹም ስቀው ስቀው ወደ አባቴ ዞሩ። እሱም አብሮ ሳቀ። በሁለተኛው ጊዜ አልሳቀም። በሦስተኛው ጊዜ ሜትሩን ቀስ ብሎ ከአንገቱ አወረደና ኪሱ ከተተው። ይህን ከመድረክ ላይ ሆኜ አየሁት፤ መሞቻዬ ሳይደርስ በኀፍረት ሞትኩ።

ሲያልቅ ከመድረክ ጀርባ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ በተቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቱን አስወልቆኝ ገለበጠና ስፌቱን ዳሰሰው።

«ለምን ገደልከው?» አለኝ። «አራት ጣት ትቼለት ነበር እኮ።»

ኮቱን ይዞ ሄደ።

ያን ሳምንት ሱቅ ብቅ ብል ሜትሩ አንገቱ ላይ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተጥሏል። ስንት ዓመት ያኖረውን ሕልም በአንድ ከሰዓት ገደልኩበት እያልኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ።

ለሚቀጥለው እሁድ አዘጋጇን ለምኜ ያቺን አባባል አስወጣሁ፤ አኩርፋ እሺ አለች። ኮቱን እናቴ ተኩሳ ላከችልኝ። ስለብሰው ሰፋኝ። እጄን ወደ ጀርባዬ ሰድጄ ብዳስስ፣ አባቴ ትርፉን በሙሉ ለቆታል።

በዚያ ሰፊ ኮት መድረክ ላይ ወጣሁ። ሚስቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ ሆቴሉ መቼ ነው የሚከፈተው ብላ ስትጠይቀኝ፣ በአዲሱ ድርሰት መሠረት አቀርቅሬ ዝም አልኩ። ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«መስከረም ይጥባ ብቻ በላት እንጂ!»

ቀና ብዬ ሳየው ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም፤ መልሴን ነው የሚጠብቀው። ከረባቴን ስቤ እጄ ላይ ጠመጠምኩና አልኳት።

ከዚያ ትንሽ ቆይቼ እንደ ድርሰቱ ሞትኩ፤ ግን ወፍሬ ነው።